የዓይን ምስክርና መልእክተኛ፦ የሞደምና የራውተር መብራቶች ታሪክ

በመኖሪያ ቤታችን ጥግ፣ በቴሌቪዥኑ ጎን ወይም በመስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ሣጥን ቀንና ሌሊት መብራቶቿን ስታበራና ስታጠፋ ትኖራለች። ሥራዋን በደኅና በምትሠራበት ጊዜ ልብ ብሎ የሚያያት የለም። መገናኛው የተቋረጠ ዕለት ግን ቤተሰቡ ሁሉ ከፊቷ ይቆማል። አባት ጎንበስ ብሎ ይመለከታል፤ ልጅ ሶኬቱን ነቅሎ ይሰካል፤ እናት ወደ ጥገና ክፍል ትደውላለች። ከወዲያ በኩል የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄም «የትኛው መብራት በርቷል?» የሚል ነው። በዚያች ሰዓት የቤቱ ባለቤት ምስክር ሆኖ ቀርቧል፤ ያየው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ግን አስቀድሞ የነገረው የለም።

ይህ ጽሑፍ እነዚህ መብራቶች ከየት እንደ መጡ፣ በምን ሥርዓት ትርጉም እንደ ተሰጣቸው፣ ትርጉማቸውስ በጊዜ ብዛት እንዴት እንደ ተለወጠ ለማሳየት የቀረበ ነው። ከዝርዝሩ ብዙውን የማኅበራችን አባላት በየሥራ መስካቸው ያውቁታል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከመነሻው ስንከተለው አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ይኸውም ጠቋሚው መብራት በመጀመሪያ የዓይን ምስክር እንደ ነበረና ከጊዜ በኋላ መልእክተኛ እየሆነ መምጣቱ ነው። በአገራችን የሙግት ልማድ አይቶ የሚመሰክርና ሰምቶ የሚናገር እኩል አይታመኑም። በመብራቶቹም ዘንድ ይህንኑ መለየት ያስፈልጋል።

ከስልክ ማዞሪያው ሰሌዳ

የጠቋሚው መብራት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከአሮጌው የስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደንበኛው የስልኩን እጀታ ሲያሽከረክር የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በሰሌዳው ላይ ያለውን ኤሌክትሮማግኔት ያነቃውና አንዲት ትንሽ ክዳን ትወድቃለች። የክዳኗ መውደቅ የትኛው ደንበኛ እንደ ጠራ ያሳያል። የማዞሪያዋ ሠራተኛም ክዳኗን በእጇ መልሳ ታነሣ ነበር። በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ለመስመሮቹ ሁሉ ኃይል የሚሰጥ ማእከላዊ ባትሪ በስልክ ቤቱ ሲተከል፣ በክዳኗ ቦታ ትንሽ አምፑል ገባ። ደንበኛው መነጋገሪያውን ሲያነሣ አምፑሉ ይበራል፤ ሠራተኛዋ ገመዷን ስትሰካለት ይጠፋል። ንግግሩ አልቆ መነጋገሪያው ሲቀመጥ ደግሞ ለገመዱ የተመደበ ሌላ አምፑል በርቶ «ንቀይው» ይላታል።

በዚህ አሠራር ውስጥ በደንበኛው ድርጊትና በመብራቱ መካከል የገባ ሌላ ፈራጅ አልነበረም። በመስመሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ካለፈ አምፑሉ ይበራል፤ ካላለፈ ይጠፋል። አምፑሉ ተቃጥሎ ካልሆነ በስተቀር መብራቱ የሚዋሽበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር።

የሞደም መወለድ

ሞደም የኮምፒዩተርን አሐዛዊ ምልክት በስልክ መስመር ሊጓዝ ወደሚችል ድምፅ የሚለውጥ፣ በሌላው ጫፍም ድምፁን ወደ አሐዝ የሚመልስ መሣሪያ ነው። በ1950ዎቹ ለአሜሪካ የአየር መከላከያ ሴጅ የተባለው የራዳርና የኮምፒዩተር መረብ ሲዘረጋ ይህ መሣሪያ በብዛት ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ በሴኮንድ 300 ቢት የሚያስተላልፈው ቤል 103 ለገበያ ቀረበ። ይህ ሞደም አንዱ ወገን በ1070ና በ1270 ሄርዝ፣ ሌላው ወገን በ2025ና በ2225 ሄርዝ እየተናገሩ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዲነጋገሩ ያደርግ ነበር።

በሞደሙና በኮምፒዩተሩ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚገዛው ደንብ፣ አር.ኤስ. 232 በሚል መጠሪያ የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ሽቦ ተመደበለት። አንዱ ሽቦ የሚላከውን፣ ሌላው የሚመጣውን ይሸከማል፤ ሌሎቹም «ተዘጋጅቻለሁ»፣ «ልላክ ወይ?»፣ «ላክ»፣ «ከወዲያ የሚመጣው ድምፅ ይሰማኛል» የሚሉትን ጉዳዮች ያስተላልፋሉ። በመቆጣጠሪያ ሽቦዎቹ ላይ ከ3 ቮልት በላይ የሆነ አወንታዊ ኃይል «አዎን» ማለት ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ መብራት ቢሰቀል የሁለቱ መሣሪያዎች ውይይት በዓይን ሊነበብ ነው። የጥገና ባለሙያዎች በሁለቱ መካከል የሚያስገቡት ባለመብራት መፈተሻ ሣጥን በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነበር።

ቀይ ብርሃን

ለዚህ ሥራ የሚስማማው መብራት ግን ገና በመወለድ ላይ ነበር። የክር አምፑል ይሞቃል፣ ይቃጠላልም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ራውንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ካርቦረንደም በተባለው ማዕድን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብርሃን እንደሚወጣ ጽፎ ነበር፤ ሩሲያዊው ኦሌግ ሎሴቭም በ1920ዎቹ ጉዳዩን በሰፊው መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒክ ሆሎንያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠራ። ዛሬ ኤል.ኢ.ዲ. የምንለው ይህ ዳዮድ ከ1968 ጀምሮ በብዛት መመረት ያዘ። በጥቂት ሚሊአምፔር የሚሠራ፣ የማይሞቅና ለረጅም ዓመታት የሚያገለግል በመሆኑ የአምፑሉን ቦታ ወረሰ። የብዙዎቹ የቀድሞ ሞደሞች መብራት ቀይ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ በርካሽ በብዛት የሚገኘው ቀለም ያ ነበርና። ቀዩ «አደጋ» ማለት አልነበረም። በአንጻሩ ዛሬ በራውተሮች ላይ የምናየው ደማቅ ሰማያዊ ሊሠራ የቻለው ሹጂ ናካሙራ በ1993 ደማቁን ሰማያዊ ዳዮድ ካወጣ በኋላ ነው። እርሱና በዚሁ መስክ የደከሙት ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

የስምንቱ መብራቶች ዘመን

መብራቶቹን ለቤት ባለቤት ያስተዋወቀው በአሜሪካ የሄይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ስማርትሞደም ነው። ቀጥሎ የመጣውና በሴኮንድ 1200 ቢት የሚያስተላልፈው ሞዴል በፊቱ ላይ ስምንት ቀይ መብራቶች ተደርድረውበት ነበር፤ በእያንዳንዱም ላይ ሁለት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎበታል። ኤም.አር. ሞደሙ ኃይል ማግኘቱንና መዘጋጀቱን፣ ቲ.አር. ኮምፒዩተሩ መዘጋጀቱን፣ ኦ.ኤች. የስልኩ መስመር መያዙን፣ ሲ.ዲ. ከወዲያኛው ሞደም ድምፅ መሰማቱን፣ ኤስ.ዲ. መላክን፣ አር.ዲ. መቀበልን፣ ኤ.ኤ. ለሚመጣ ጥሪ በራሱ ለመመለስ መዘጋጀቱን፣ ኤች.ኤስ. በከፍተኛው ፍጥነት መሥራቱን ያመለክቱ ነበር። ከእነዚህ አብዛኞቹ የአር.ኤስ. 232 ሽቦዎች ነጸብራቅ ናቸው። በዚያ ዘመን ፍጥነት የመላኪያውና የመቀበያው መብራት ርግብግብታ ከጽሑፉ ጉዞ ጋር አብሮ ይሄዳል። በ300 ቢት ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 30 ፊደል ስለሚያልፍ ዓይን የሥራውን ውልብታ በእርግጥ ያይ ነበር።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀመር ደንበኞች በስልክ መስመርና በሞደም ይገናኙ ነበር። የዚያን ጊዜ ተጠቃሚ የሞደሙን ጩኸት አዳምጦ፣ ጩኸቱ ሲያበቃ የሲ.ዲ. መብራት መብራቱን ካየ፣ መስመሩ እንደ ተገኘ ያለ አስተማሪ ያውቅ ነበር።

የዓይን ምስክርነቱ ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 በጸደቀው የኤተርኔት ደንብ ሁለት መሣሪያዎች ሥራ ፈትተው ሳሉ እንኳ በየ16 ሚሊሴኮንዱ አጭር ምት ይላላካሉ። ምቱ የደረሰው መሣሪያ የመገናኛ መብራቱን ያበራል። ስለዚህ መብራቱ የሚመሰክረው «እሰማለሁ» ብሎ ነው፤ «እሰማለሁ» ማለት ደግሞ «ይሰሙኛል» ማለት አይደለም። ከሁለቱ ጥንድ ሽቦዎች አንዱ ቢበጠስ በአንዱ ጫፍ መብራት በርቶ በሌላው ሊጠፋ ይችላል። አዋቂ ጠጋኝ ሁለቱንም ጫፍ ሳያይ የማይፈርደው ስለዚህ ነው።

ምስክሩ ምስጢር ሲያወጣ

በ2002 ጆ ላውሪና ዴቪድ አምፍረስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያልተጠበቀ ነገር አሳተሙ። በአንዳንድ የመገናኛ መሣሪያዎች ላይ መብራቱ በቀጥታ ከመረጃው ሽቦ ጋር ስለ ተገናኘ፣ ዓይን ሊለየው በማይችል ፍጥነት እያንዳንዱን ቢት በብርሃን ይደግመው ኖሯል። በሌንስና በብርሃን መቀበያ ከሩቅ ሆኖ የሚመለከት ሰው የሚተላለፈውን ጽሑፍ እንዳለ ማንበብ ይችላል። ምስክሩ እውነተኛ ስለ ነበር የቤቱን ምስጢር ሁሉ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ያቀረቡት መድኃኒትም የመብራቱን ምት ማስረዘም ነው፤ ይህም መብራቱ ሥራ መኖሩን ብቻ እንዲናገርና ቃሉን እንዳይደግም ያደርገዋል።

ከሽቦ ወደ ፕሮግራም

ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. በተባለው ዘዴ ፈጣን ኢንተርኔት በተራው የስልክ ሽቦ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ሞደሙ፣ ራውተሩና ሽቦ አልባው ጣቢያ በአንድ ሣጥን ተጠቃለሉ። ሣጥኑም ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ሆነ። መብራቶቹ ከመስመሩ ሽቦ ተላቅቀው በፕሮግራም የሚታዘዙ ሆኑ። በብዙ ራውተሮች ውስጥ የሚሠራው ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ መብራቶችን የሚያዝ የራሱ ክፍል አለው፤ የትኛው መብራት በየትኛው ምክንያት እንደሚበራ የሚወሰነው በጽሑፍ ትእዛዝ ነው። እዚህ ላይ የዓይን ምስክሩ ወንበሩን ለመልእክተኛ ለቀቀ። መልእክተኛው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ የሚናገረው ግን የላከው ያለውን ነው።

ይህን ሥርዓት ለማስያዝ የዲ.ኤስ.ኤል. ፎረም በ2004 ባወጣው ቲ.አር. 068 በተባለ ሰነድ የመብራቶቹን ስምና ጠባይ ደነገገ። በዚህ ድንጋጌ የዲ.ኤስ.ኤል. መብራት በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ቢርገበገብ ከስልክ ቤቱ የሚመጣውን ምልክት በመፈለግ ላይ ነው፤ አራት ጊዜ ቢርገበገብ ምልክቱን አግኝቶ ከመስመሩ ጋር በመላመድ ላይ ነው፤ ረግቶ አረንጓዴ ቢሆን ተገናኝቷል። የኢንተርኔት መብራት አረንጓዴ ቢሆን ሣጥኑ የኢንተርኔት አድራሻ አግኝቷል፤ ቀይ ቢሆን ሞክሮ አልተሳካለትም። እንግዲህ ዲ.ኤስ.ኤል. አረንጓዴ ሆኖ ኢንተርኔት ቀይ ከሆነ ሽቦውን መቆፈር ከንቱ ድካም ነው፤ መመርመር ያለበት የመለያ ስሙ፣ የይለፍ ቃሉ ወይም የሂሳቡ ሁኔታ ነው። ዳሩ ግን አምራቾች ሁሉ ድንጋጌውን እኩል አልጠበቁም።

የመዳብ ሽቦ በፋይበር ሲተካ ሁለት አዳዲስ መብራቶች መጡ። ፒ.ኦ.ኤን. የተባለው ሣጥኑ በአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ዘንድ መመዝገቡን ይናገራል። ቀዩ ኤል.ኦ.ኤስ. ግን በ1490 ናኖሜትር የሚመጣው ብርሃን ከሚፈለገው መጠን በታች መሆኑን ያስታውቃል። ይህ መብራት በብርሃን መቀበያው ላይ በሚለካ ኃይል የተመሠረተ ስለሆነ ወደ ቀድሞው የዓይን ምስክር ይቀርባል። ምክንያቱ የተቆረጠ ወይም ከመጠን በላይ የታጠፈ ገመድ፣ ወይም የቆሸሸ መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል። ሣጥኑን መቶ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት የተቆረጠ ገመድ አይቀጥልም። የገመዱን ጫፍ በዓይን መመርመርም አይገባም፤ በውስጡ የሚጓዘው ብርሃን ለዓይን አይታይምና።

የአነባበብ ሥርዓት

ከዚህ ታሪክ ለቤቱም ባለቤት ለባለሙያውም የሚጠቅም የአነባበብ ሥርዓት ይወጣል። መብራቶቹ እንደ ደረጃ ከታች ወደ ላይ ይነበባሉ፦ መጀመሪያ ኃይል፣ ቀጥሎ መስመር፣ ከዚያ ኢንተርኔት፣ በመጨረሻ የቤት ውስጥ ገመድና ሽቦ አልባው። የታችኛው ሳይበራ ስለ ላይኛው መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሁሉም በርተው መገናኛው እምቢ ካለ ደግሞ መብራቶቹ የሚያውቁት እስከ ደጃፍ ያለውን ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ከደጃፍ ወዲያ ያለውን መንገድ አላዩትም። «መብራቱ በርቷል ግን አይሠራም» የሚል ደንበኛ አልተሳሳተም፤ ሐሰተኛም አይደለም። እንደዚህ ያለውን አቤቱታ «ከእኛ በኩል ደኅና ነው» ብሎ መመለስ የመልእክተኛውን ቃል ከዓይን ምስክሩ ቃል አስበልጦ መፍረድ ነው።

ዛሬ አንዳንድ አምራቾች ለውበት ሲሉ መብራቶቹን ወደ አንድ ብቻ ቀንሰዋቸዋል። ስምንቱ ተናጋሪዎች በአንድ ቃል አቀባይ ሲተኩ ሳሎኑ ያምራል፤ ብልሽት በመጣ ዕለት ግን የቤቱ ባለቤት ለጠጋኙ የሚያቀብለው ቃል ያጣል። ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚሳነው ሰው ደግሞ ቀለሙን ብቻ የሚለውጥ አንድ መብራት ከነጭራሹ ድዳ ነው።

ስለዚህ የሙያ ጓደኞቻችን መሣሪያ በሚመርጡበት፣ ውል በሚያረቅቁበትና ለደንበኛ መመሪያ በሚያዘጋጁበት ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡ አደራ እንላለን፦ የመስመሩና የኢንተርኔቱ መብራት ለየብቻ ይሁን፤ ትርጉሙ በደንበኛው ቋንቋ በሣጥኑ ላይ ይለጠፍ፤ እያንዳንዱ መብራት ከምን እንደ ተነሣ የጥገና ሠራተኛው ይማር። አንድ ወረቀትና ጥቂት የአማርኛ ቃላት ብዙ የከንቱ ጉዞ ያስቀራሉ፤ ከሣጥኑ ፊት የቆመውንም ቤተሰብ ያየውን የሚያውቅ ምስክር ያደርጉታል።