ከአጠና ተራ እስከ ጣና ዳር፦ የእንጨት ሙያና ትምህርቱ

በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የእንጨት ሥራ ከትምህርት ቤት በፊት ከባህር ዛፍ ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ በመመናመኑ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ወደ አገር የገባውና ፈጥኖ የሚያድገው ባህር ዛፍ ግን ከተማዋን በስፍራዋ አጸናት። ኮልፌ ውስጥ ያለው አጠና ተራም የሚጠራው ለጭቃ ቤት ግድግዳና ጣሪያ በሚውለው ቀጭን የባህር ዛፍ ግንድ፣ በአጠና፣ ነው።

አጠና ለቤት ሠሪ ቢበቃም በርና አልጋ፣ ወንበርና ሣጥን የሚሠራ አናጢ እንደ ዋንዛና ዝግባ ካሉ ዛፎች የተሰነጠቀ፣ በሚገባ የደረቀ ጣውላ ይፈልጋል፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተርና ስለሚጣመም፣ በመላጊያ ተስተካክሎ በስኳድራ (ቀጥተኛ ማዕዘን በሚለካ መሣሪያ) የተገጠመው መጋጠሚያ ሁሉ ይላቀቃል። ይህን ዕውቀት ከልምድ ወደ ልኬት ለማሸጋገር እ.ኤ.አ. በ1942 የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ቀዳሚ ነበር። በኮልፌ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ግን ለብዙ ዓመታት የቀለም ትምህርት የሚሰጥበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኖ ቆይቶ፣ በግንባታ ሙያ የሚታወቅ ኮሌጅ የሆነው በኋለኛው ዘመን ነው፤ የእጅ ሙያ ከብዕር ዘግይቶ መከበሩ የሚያሳዝን ነው።

አናጢ የሚፈራውን የእንጨት ጠባይ ጀልባ ሠሪ ይጠቀምበታል፤ ጣውላ ለጣውላ ተቀራርቦ የተገጠመ ጀልባ ውኃ ሲነካው እንጨቱ ያብጥና ክፍተቱን ይዘጋል። ጣና ሐይቅ ላይ ግን ጥንታዊው ታንኳ ከእንጨት ሳይሆን ከደንገል፣ ማለትም በሐይቁ ዳር ከሚበቅል ረጅም የውኃ ተክል፣ ተጠቅልሎ የሚታሰር ነው፤ ሠሪዎቹም በተለይ ወይጦ የተባሉት የሐይቁ ዳር ማኅበረሰብ አባላት ሲሆኑ፣ ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ይደርቃል፣ ብዙም ሳይቆይ በሌላ ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በዚያው ሐይቅ ዳር የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከዘርፎቹ አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር። የዘርፉ ሠልጣኞች ከታንኳ ሠሪዎቹ ጋር ሐይቁን ቢጋሩም፣ የደንገሉ ጥበብ የሚወረሰው እንደ ጥንቱ ከአባት ወደ ልጅ ነው።