ፖርት

ብዙዎቻችን ፖርት ስንል ገመድ የሚሰካበትን ቀዳዳ ማለታችን ነው። ለፕሮሰሰር ግን ፖርት ቁጥር ነው። የኢንቴል ዘር ፕሮሰሰሮች ከሜሞሪ አድራሻ የተለዩ 65,536 ፖርቶች አሏቸው፤ ኪቦርዱ በ96፣ የመጀመሪያው ሲሪያል መስመር ደግሞ ከ1016 ጀምሮ ይገኛል። ፕሮግራሙ «ኢን» በተባለው ትእዛዝ ያነባል፣ «አውት» በተባለው ይጽፋል።

በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር በተፈጠረ ኮምፒውተር፣ ውስጥ ከፖርቱ ጀርባ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ራሱ ሶፍትዌር ነው። በዚያ ማሽን ውስጥ የሚሠራው እንግዳ ሲስተም ፖርቱን ሲነካ ፕሮሰሰሩ ያስቆመውና ጉዳዩን ቨርቹዋል ማሽኑን ለሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ ለሃይፐርቫይዘሩ፣ ያስረክባል፦ የትኛው ፖርት፣ ንባብ ነው ወይስ ጽሕፈት፣ ስንት ባይት። ይህን በየተራው መመዝገብ «ትሬስ ማድረግ» ይባላል፤ እኔ «ዱካ መከተል» ብለው ደስ ይለኛል። የሊኑክሱ ሃይፐርቫይዘር ኬቪኤም ለዚሁ የተዘጋጀ መከታተያ አለው።

የምዝገባውን ጥቅም በደንብ የሚያውቀው፣ ዕቃን የሚያዝ ፕሮግራም (ድራይቨር) ጽፎ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የቀረበት ሰው ነው። መዝገቡ ውስጥ አንድ ፖርት ሳያቋርጥ ሲነበብ ካየ፣ ድራይቨሩ የማይመጣ ምላሽ እየጠበቀ መሆኑን ይጠረጥራል። ያለዚህ መዝገብ ፍለጋው ግምት ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ምዝገባ ግን ማሽኑን ያዘገያል፤ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ስሕተትንም ሊሰውር ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም አትመዝግቡ፤ የምትጠረጥሩትን ፖርት ብቻ ለዩ።