ቢፒአር ሳሠለጥን የዘለልኩት ገጽ

ቢፒአር ያሠለጠንኳችሁ ልጆች፣ አንድ ዕዳ አለብኝ።

የፎርድን ታሪክ ስንት ጊዜ ነገርኳችሁ! ማይክል ሐመር በ1990 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው። ለአቅራቢዎች ሒሳብ የሚከፍለው የፎርድ ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኛ ሲኖረው፣ የማዝዳው 5 ሰው ብቻ። ፎርድ ደረሰኝ መጠበቁን ትቶ ዕቃው ሲገባ መክፈል ጀመረና የክፍሉን ሠራተኛ 75 በመቶ ቀነሰ።

ያልነገርኳችሁ ሌላ ነው። ሐመርና ቻምፒ ራሳቸው በ1993ቱ መጽሐፋቸው፣ ለውጡን ከሞከሩት ድርጅቶች ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ያሰቡትን ውጤት እንዳላገኙ ገምተዋል። ባሠለጠንኩባቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ገጽ ያነሣ ሰው አልሰማሁም። እኔም አላነሣሁም። መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ነበር እኮ፤ የማስተምረው ግን ከስላይድ ነበር።

በምደባው ከወንበራችሁ የተነሣችሁ፣ ይቅርታ።