ንቅለ ተከላ

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚኖሩት አክስቴ መንጋጋ ጥርሳቸውን ካስነቀሉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። በቀደም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያስተክሉ ሄደው «መጀመሪያ የአጥንት ንቅለ ተከላ ያስፈልግዎታል» ሲባሉ ክው አሉ። «ደግሞ ምኔን ሊነቅሉ ነው?»

ወደው አይደለም። ቃሉ ከ«ነቀለ» እና ከ«ተከለ» የተጋባ ነው፤ ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ ጉድጓድ ይገባል። የብዙዎቻችን ጆሮ የለመደው ግን በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር ነው።

ጥርስ ሲወልቅ ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ሰውነትም መልሶ ይመጠዋል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክፉኛ ይሳሳል። ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ጉንጫቸው የሚሰረጉደው አንድም በዚህ ነው። ሐኪሙ የሳሳውን ለመተካት ከአገጭ ወይም ከመንጋጋ ጥግ አጥንት ቆርሶ ካመጣ፣ በእርግጥም ነቅሎ ተክሏል። ብዙ ጊዜ ግን የሚጨመረው ከከብት አጥንት የተጣራ፣ ደቃቅ ጠጠር የመሰለ ነገር ነው። እሱ ራሱ አይበቅልም፤ የራስ አጥንት እየገባበት እንዲያድግ እንደ ርብራብ ያገለግላል። ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ታዲያ እዚህ ላይ ማን ተነቀለ?

«ሙሌት» እንዳንል የተቦረቦረ ጥርስ ቀድሞ ወስዶታል። እኔ «አጥንት ማልማት» ይሻላል ባይ ነኝ፤ ተዳፋት ላይ እርከን ሠርቶ አፈር እንደ ማቆየት።

አክስቴን የያዛቸው ሌላ ነው። ከሚጨመረው አጥንት ላይ የሚለበደው ስስ ሽፋን ከአሳማ የሚሠራም አለ መባሉን ሰምተው «እስቲ ጠይቅልኝ» ብለውኛል።