የካርቱም ባቡር፦ መስመሩን ማን ያራዝመው?
የሱዳን ባቡር የተወለደው ለጦርነት ነው። በኪችነር የሚመራው የብሪታኒያና የግብፅ ጦር እ.ኤ.አ. በ1897 ከዋዲ ሃልፋ የጀመረው መስመር በ1899 ማብቂያ ሰሜን ካርቱም ደረሰ። ወደ ካርቱም የተሻገረው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በጥቁር ዓባይ ላይ ድልድይ ሲሠራ ነው።

የሐዲዱ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። መስመሩ በአትባራ በኩል ካርቱምን ከፖርት ሱዳን ወደብ ጋር ያገናኛል። የተዘረጋውም በዋናነት ለጦር፣ ለጭነትና ለሩቅ ተጓዥ እንጂ፣ በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በሰሜን ካርቱም መካከል በየዕለቱ ለሚመላለሰው ነዋሪ አልነበረም።

አዲስ አበባ በ2015 በብድር የተገነባውን 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀላል ባቡር ሥራ አስጀምራለች። እንዲህ ያለ ሥራ በጀት የሚያጸድቅ፣ ብድርን የሚመረምርና ሕዝብን ወክሎ የሚጠይቅ ምክር ቤት ይፈልጋል። የሱዳን ፓርላማ ግን ኦማር አል በሽር በሚያዝያ 2019 ከሥልጣን ሲወገዱ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የተፈረመው ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ ቃል የገባው የሽግግር ምክር ቤትም ሳይቋቋም፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ፈነዳ።

ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 ዋና ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ ተፈናቃዮች እየተመለሱ ነው። ሥራ፣ ሆስፒታልና ገበያ ለመድረስ የሚያስፈልጋቸውን መጓጓዣ በስማቸው የሚጠይቅ ተመራጭ ግን የላቸውም።