ከቃሬዛ እስከ አምቡላንስ፦ የገጠር እናት ወደ ሐኪም የተጓዘችበት መንገድ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ጥያቄ ተነስቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ከደጋፊዎቻችን መካከል የተወሰኑት «ገንዘብ አሰባስበን ለገጠር ቀበሌዎቻችሁ አምቡላንስ ብንገዛ ማን ያንቀሳቅሰው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ገሚሶቻችን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ አልን። ሌሎች ቀይ መስቀል ይያዘው አሉ። የግል ድርጅት በኮንትራት ይሥራው ያሉም ነበሩ። «የራሳችን ንብረት ከሆነ ራሳችን እንያዘው እንጂ!» ያሉ እናቶችም ብዙ ጭብጨባ አግኝተዋል። ቡና እስኪቀርብ ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የተመደብን አባላት መልሱን ከመናገራችን በፊት ወደኋላ ማየት ፈለግን። እናቶቻችንና አያቶቻችን ምጥ ሲጠናባቸው በምን ይጓዙ ነበር? ማን ይሸከማቸው ነበር? ወጪውንስ ማን ይችለው ነበር?

ቃሬዛው

የመጀመሪያው አምቡላንሳችን ቃሬዛ ነው። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣና፣ በመካከሉ በገመድ ወይም በጠፍር የተወጠረ መኝታ፣ ከላይ ጋቢ። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ይከተላል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ለዚህ ሥራ ብቻ የቆመ ማህበር ወይም እድር ነበር፤ ዛሬም ያለበት አለ። ጥሪ ሲሰማ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ እውነት ነበር።

የሴቶቹ ድርሻ በመዝገብ አልተጻፈም እንጂ ትንሽ አልነበረም። ስንቅ የሚቋጥሩ፣ ውኃ ይዘው የሚከተሉ፣ የቀሩትን ልጆች የሚይዙ፣ መንገድ ላይ ምጡ ከገፋ ጋቢ ዘርግተው የሚያዋልዱ እነርሱ ነበሩ። ያም ሆኖ ቃሬዛው የሚነሳው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነበር። አንዲት እናት ለሁለት ቀን፣ ለሦስት ቀን አምጣ ካልሆነላት ነው «እንውሰዳት» የሚባለው። አያቶቻችን ለወላድ መቃብሯ አፉን ከፍቶ 40 ቀን ይጠብቃታል ይሉ የነበረው ዝም ብለው አልነበረም።

የጦርነት ዘመን አምቡላንሶች

«አምቡላንስ» የሚለው ቃል በአገራችን የታወቀው ከጦርነት ጋር ተያይዞ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር የተቋቋመው ጣሊያን ልትወርረን ስትዘጋጅ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነበር። በተከታዩ ዓመት ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከኔዘርላንድስና ከሌሎችም አገሮች የሕክምና ቡድኖች መጡ። በዚያ ዘመን አምቡላንስ ሲባል መኪናው ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሙ፣ ድንኳኑ፣ መድኃኒቱና በቅሎው ሁሉ አንድ ላይ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር።

ቀይ መስቀሉ ግን ከቦምብ አላዳናቸውም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቡድን በአውሮፕላን ተደብድቦ ብዙ ቁስለኞች በተኙበት አለቁ። በየካቲት ወር ደግሞ በኮረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ ቡድን ተደበደበ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተሰባሰቡ ሴቶች ለግንባሩ ፋሻና ልብስ ያዘጋጁ ነበር። እኛ ሴቶች በሕክምና አገልግሎት ዙሪያ ስንደራጅ የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንን ማወቁ ደስ ይላል።

ልዕልት ፀሐይ

ከነዚያ ሴቶች መካከል የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ነበረች። በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር በሕፃናት ሆስፒታል ተምራ ነርስ ሆነች። ከነፃነት በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ አገባች፤ ባለቤቷ ሲሾም አብራው ወደ ወለጋ ሄደች። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈች። ገና 22 ዓመቷ ነበር።

ይህን ታሪክ በቡድናችን ስናነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። የንጉሥ ልጅ ናት፤ የሠለጠነች ነርስ ናት፤ ገንዘብም ሰውም አልጎደላትም። ከእርሷ የባሰ የማንም አቅም በሌላት የገበሬ ሚስት ላይ ምን ይደርስ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በስሟ አዲስ አበባ ላይ የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ ለዚህም ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደክመዋል። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ወደ አገራችን የመጡት በዚሁ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። እዚያም በፌስቱላ የተጎዱ፣ ከሩቅ ገጠር በእግርና በአውቶቡስ የመጡ ሴቶችን አገኙ። ፌስቱላ ለቀናት ከቆየና ሐኪም ካላየው ምጥ የሚመጣ ጉዳት ነው፤ በሌላ አነጋገር የመንገድ ሕመም ነው። ሁለቱ ሐኪሞች በ1966 ዓ.ም. የፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በኋላ የአዋላጆች ኮሌጅም አቋቋሙ፤ ጉዳቱን ከመጠገን አስቀድሞ መከላከሉ እንደሚሻል አይተው ነው።

አምቡላንስ ወደ ወረዳ ሲወርድ

የጤና ባለሙያዎች የእናቶችን ሞት ሲያስረዱ «ሦስቱ መዘግየቶች» ይላሉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። ከወሊድ በኋላ ብርቱ ደም የሚፈስሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለችና እያንዳንዱ መዘግየት የሕይወት ጉዳይ ነው።

በአንደኛው መዘግየት ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ የየአካባቢው ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ቤት ለቤት ዞሩ፣ እርጉዝ መዘገቡ፣ አማት አሳመኑ። ሁለተኛውን መዘግየት ለማሳጠር ደግሞ ከ2003 እና ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት አምቡላንሶችን ለወረዳዎች ማከፋፈል ጀመረ። የሥራ ክፍፍሉ ቀላል ነበር፦ መኪናውን ፌዴራል መንግሥት ይገዛል፤ የሹፌሩን ደመወዝ፣ ነዳጁንና ጥገናውን ወረዳው ይችላል።

ውጤቱ በብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ይታያል። በ1997 ዓ.ም. ጥናት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ። በ2003 አሥር፣ በ2008 ሃያ ስድስት፣ በ2011 አርባ ስምንት ደረሱ። በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቶ ነበር፤ በ2008 ወደ 412 ወርዷል። ይህን ሁሉ አምቡላንስ ብቻውን አላመጣውም። መንገድ ተሠርቷል፣ ጤና ጣቢያ በዝቷል፣ የእናቶች ማቆያ ተከፍቷል። ያለ መኪና ግን ይህ ለውጥ ባልታሰበ ነበር። በ2008 ዓ.ም. እንኳ ከከተማ እናቶች ከ100 ሰባ ዘጠኙ በጤና ተቋም ሲወልዱ ከገጠር ግን ሃያዎቹ ብቻ ነበሩ። ቀሪው መንገድ የእኛ መንገድ ነው።

ይህ የተገኘው ነገር በቀላሉ ሊጠፋ እንደሚችልም አይተናል። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ አምቡላንሶችም ተወስደዋል። እናቶች እንደገና ወደ ቃሬዛ ተመልሰዋል።

እኛ ያየነው

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር አንዲት እህታችን ሌሊት ምጥ ያዛት። ስሟ እንዳይጠቀስ፣ ታሪኳ ግን እንዲነገር ፈቅዳልናለች። የሹፌሩ ስልክ ዝግ ነበር። ንጋት ላይ ስንደርስበት አምቡላንሱ ኃላፊዎችን ለስብሰባ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል ተባልን። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ እስከ ጥርጊያ መንገዱ ወሰዳት፤ ከዚያ ባጃጅ ተለመነ። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ልጁ አልነበረም። እርሷ ተርፋ ዛሬ ከእኛ ጋር ቁጠባዋን ትጥላለች።

ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ግን ቀላል ነው። ያው ሹፌር ብቻውን ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀር ከእኛ ወንዶች ጋር ሲገፋ አይተነዋል። የነዳጅ በጀት በዓመቱ አጋማሽ ሲያልቅ የበሽተኛ ቤተሰብ «ለነዳጅ አዋጡ» ይባላል፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው ተብሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እያለ። ጎማ ካለቀ ደግሞ መኪናው ለወራት ይቆማል። የጎደለው መኪና ብቻ አልነበረም፤ መኪናውን ለማን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው ጭምር ነበር።

ታዲያ ማን ያንቀሳቅሰው?

አራቱንም ሐሳብ በየተራ አይተናል።

ወረዳው ለጤና ጣቢያዎቹ ቅርብ ነው፤ ሹፌር የመቅጠርም ሥልጣን አለው። ድክመቱን ከላይ ነግረናችኋል፤ መኪናው በቀላሉ ለሌላ ሥራ ይዞራል።

ቀይ መስቀል በዚህ ሥራ የረጅም ዘመን ልምድ አለው፤ ወገንተኛ አለመሆኑም በግጭት ጊዜ ይጠቅማል። ነገር ግን አንድ ቅርንጫፍ ሰፊ አካባቢ ስለሚሸፍን መኪናው የት ይቆማል የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

የግል አምቡላንስም በአገራችን አለ። አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው በ2000 ዓ.ም. ጠብታ አምቡላንስን መመሥረታቸው የሚደነቅ ነው። የግል ድርጅት ግን ሠራተኛውንም መኪናውንም የሚያኖረው ከፋይ ሲያገኝ ነው። በእኛ ቀበሌዎች በሰው አሥር ብር ከሚቆጥቡ እናቶች ያንን ወጪ መሸፈን አይቻልም።

ራሳችን እንያዘው ለሚሉ እህቶቻችን ደግሞ በአክብሮት እንዲህ እንላለን። ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ የሁለት ሹፌር ደመወዝ፣ ነዳጅና ጎማ በየወሩ ይመጣሉ። በአንድ ክረምት የዓመታት ቁጠባችን ጭቃ ውስጥ ይቀራል። የቃሬዛው ማህበር የቆመው ሸክሙ ለሁሉም ስለተከፋፈለ ነው፤ መኪናም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። አገልግሎቱን ለመስጠት የሚመረጠው ወረዳውም ይሁን ቀይ መስቀል፣ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች በጽሑፍ ሊፈርም ይገባል።

1. መኪናው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢ ሳይሆን ከሆስፒታል እጅግ በራቀው ጤና ጣቢያ ያድራል።
2. ሁለት ሹፌሮች በፈረቃ ይሠራሉ፤ ስልኩ የሹፌሩ ሳይሆን የመኪናው ይሆናል፣ አይዘጋም።
3. ወደ ሆስፒታል የምትላክ እናት አዋላጅ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ አብሯት ይሄዳል።
4. የነዳጅና የጎማ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጣል፤ ማህበራችንና ደጋፊዎቻችንም የምናግዘው በዚህ በኩል ይሆናል።
5. የተደወለበት፣ የተነሳበትና የደረሰበት ሰዓት ከጉዞው ምክንያት ጋር በመዝገብ ይጻፋል። መዝገቡም በየወሩ በሴቶች ፊት ይነበባል።

በእኛ በኩል ቃሬዛውን አንጥለውም። አምቡላንስ የሚደርሰው መንገድ ባለበት ነው፤ ከቤት እስከ መንገዱ ያለው ዳገትና ወንዝ ዛሬም በትከሻ ነው። ስለዚህ በየቀበሌው ያሉ ቃሬዛዎች ከክረምት በፊት እንዲጠገኑ፣ ወሯ የገባች እርጉዝም ወደ እናቶች ማቆያ አስቀድማ እንድትገባ የየቡድኑ መሪዎች ይከታተላሉ።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው አንድ ነገር አለ። አምቡላንስ ሲገዛ ፎቶ ይነሳል፤ ጎማ ሲገዛ ማንም ፎቶ አያነሳም። እናንተ ግን ጎማውንም አስቡልን። ስምምነቱ ሳይፈረም መኪናው እንዳይገዛም እንለምናችኋለን። ይህን ስንል ብዙ እናቶች እንደሚቸኩሉ እናውቃለን፤ እኛም እንቸኩላለን።

የየቡድኑ አባላት አምስቱን ነጥቦች በሳምንታዊ ስብሰባችሁ ተወያዩባቸው፤ የሚጨመርና የሚቀነስ ካለ ይዛችሁ ኑ። በሚቀጥለው ጉባኤ ድምፅ እንሰጣለን። ስምምነቱ ከተፈረመ መዝገቡን በየወሩ የሚያነቡልን ሦስት ሴቶች ይመረጣሉ። በዚያች ነሐሴ ሌሊት ስልኩ ዝግ የሆነባት እህታችን ከሦስቱ አንዷ ለመሆን ፈቃደኛ መሆኗን ነግራናለች።