ባለሁለት ማንገቻ የጎልፍ ቦርሳ
የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ ተጫዋች የሚይዛቸውን የመምቻ ዱላዎች ቁጥር በ14 ቢወስንም፣ ዱላዎቹንና ኳሶቹን የያዘው ቦርሳ ለረጅም ዘመን በአንድ ትከሻ ብቻ በሚንጠለጠል ማንገቻ ይያዝ ስለነበር፣ ባለ18 ጉድጓዱን ሜዳ በእግሩ የሚያዳርስ ሰው ሸክሙን ለማመጣጠን ወደ ተቃራኒው ጎን ተጣምሞ ለመራመድ ይገደድ ነበር። ቲ. ጄ. ኢዞ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለሁለት ማንገቻ አሠራር ክብደቱን ለሁለቱም ትከሻዎች አካፈለ።

የንድፉ ብልኃት ማንገቻውን እጥፍ በማድረግ ብቻ አይገለጽም። ቦርሳው እንደ ተማሪ ቦርሳ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በታችኛው ጀርባ ላይ ጋደም ብሎ ስለሚያርፍ፣ ማንገቻዎቹ የሚታሰሩባቸው ቦታዎች ከክብደት ማዕከሉ፣ ማለትም ሸክሙ በሁለቱም ወገን ከሚመጣጠንበት ነጥብ፣ ጋር ካልተገናዘቡ አንደኛው ጫፍ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ይህን ጉድለት የቱንም ያህል ወፍራም ስፖንጅ አያርመውም። በትከሻ ላይ የሚያርፈው ክፍል የሰፋው ግፊቱን፣ ማለትም በእያንዳንዱ የቆዳ ስፋት ላይ የሚያርፈውን ኃይል፣ ለመቀነስ ሲሆን፣ ዘለበቶቹ ደግሞ የማንገቻውን ርዝመት በተሸካሚው ቁመት ልክ ለማስተካከል ያገለግላሉ።